ሚሊየነር ፍለጋ ወደ ማንኪራ

ፈለቀ በዛብህ ሰው ሀብታም ሲሆን ደስ ይበለው ወይስ ይክፋው፣ ከስብሰባ ሳይመለስ አያውቅም ነበር።

በደርግ ጊዜ ገና ወጣት ካድሬ ሳለ ከቦንጋ ከተማ ወደ ማንኪራ መንደር ወርዶ፣ ወልደ ማርያም የሚባሉ ገበሬ ሕዝብ ፊት አቁሞ «ኩላክ፣ ድሃ በዝባዥ ሀብታም ገበሬ» አላቸው። ጥፋታቸው ሁለት ጥማድ በሬና ዛፍ ላይ የተሰቀለ ብዙ ቀፎ ነበር። አንዱ ጥማድ ለገበሬ ማኅበሩ ተወሰደ። ፈለቀ ይህን ያደረገው ከልቡ አምኖ ነው፤ ለራሱ የወሰደው ነገር አልነበረም።

መንግሥት ተለወጠ። ፈለቀ ጥቂት ዓመት አስተምሮ አዲሱ ድርጅት ውስጥ ገባ። አሁን ዓይኑ ያረፈው ጎረቤቱ ኸሊፋ ላይ ሆነ። ኸሊፋ የአባቱን ሱቅ አስፋፍቶ አይሱዙ ገዝቷል። ፈለቀ ሥልጠና ላይ «ኪራይ ሰብሳቢ» ሲል ስም አይጠራም፤ ሰልጣኙ ግን ሁሉ በመስኮት ወደ ሱቁ ያያል። ፈለቀ ራሱም ስኳርና ሳሙና የሚገዛው ከዚያው ነበር። ቅርብ ስለሆነ ነው ይላል።

በ2002 ዓ.ም. ሚሊየነር አርሶ አደሮች ተመልምለው ለሽልማት እንዲቀርቡ ታዘዘ። የፈለቀ ድርሻ ሦስት ነበር። ሁለቱን እንደ ምንም አገኘ። ለሦስተኛው ኸሊፋን ቢጠቁም አለቃው ነጋዴ አይቆጠርም አለው። ስለዚህ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ማንኪራ ወረደ።

ወልደ ማርያም አርጅተዋል፤ ፈለቀን ግን ከሩቅ ለዩት። ቶሎ ብለው ገብተው ካፖርታቸውን በአሮጌ ጋቢ ለወጡ። ሚሊየነር ሆነው መመረጣቸውን ሲነግራቸው ድሃ ነኝ ብለው ማሉ። ቀፎ ስንት አለዎት ቢላቸው አሥራ ሁለት አሉ። ፈለቀ ጫካው ውስጥ እየዞረ ሦስት መቶ ቆጠረ። የጎረቤት ነው፣ የአማቼ ነው፣ አንዳንዱም ባዶ ነው አሉት።

«ጋሼ፣ ሀብታም መሆን እኮ ዛሬ ጀግንነት ነው» አለ ፈለቀ፣ ሊለምናቸው ምንም አልቀረው።

«ያን ጊዜስ?»

«ያን ጊዜ ወንጀል ነበር።»

«ቀፎው ያው ነው ልጄ። ታዲያ ምኑ ተለወጠ?»

ፈለቀ ፎርሙን አገላበጠ። «አመለካከቱ» አላቸው።

ሽማግሌው የፈረሙት በሬ እንደማይወሰድባቸው ማኅተም ያለው ደብዳቤ ከተሰጣቸው በኋላ ነው። ቦንጋ ላይ ሜዳሊያ ተጠለቀላቸው፤ መብራት ላልገባበት ቤታቸውም ቴሌቪዥን ተሸለሙ። በሬያቸውን በእርግጥም የነካ የለም። ነገር ግን ለመንገዱ፣ ለስታዲየሙ፣ ለበዓሉ አዋጡ የሚል ወረቀት በየወሩ ይመጣላቸው ጀመር።

በዚያው ዓመት ኸሊፋ ዋጫ አካባቢ መሬት ወስዶ ቡና ተከለና «ልማታዊ ባለሀብት» ተባለ። ፈለቀ ሱቁ ድረስ ሄዶ «ጋሽ ኸሊፋ» እያለ እጁን ጨበጠው። ይህንንም ከልቡ ነው ያደረገው። ኸሊፋ ወንበር አቀረበለት፤ ቀና ብሎ ግን አላየውም።

ወልደ ማርያም በመጨረሻ ቢሮ መጥተው ከሚሊየነርነት እንዲሰረዙ ጠየቁ። ፈለቀ ለዚህ የተዘጋጀ ፎርም የለም አላቸው። ተመልሰው ቀፎውን ለአራት ልጆቻቸው አካፈሉት፤ ለራሳቸው አሥራ ሁለት ብቻ አስቀሩ። ወረዳው በሪፖርቱ አራት ሞዴል ወጣት አርሶ አደሮች ማፍራቱን ገለጸ። ፈለቀም በዚህ ውጤት እድገት አግኝቶ ከማንኪራ ርቆ ወደ ደካ ተዛወረ። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ካፖርታቸውን አውጥተው ለበሱ።