«ደህና ነኝ» ያልሁበት ሳምንት

ጌታ የተመሰገነ ይሁን፣ ወገኖቼ! እኔ የለመድሁት መሪ ይዤ፣ ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ ማውራት ነው። ዛሬ ግን ፊቴን ወደ እናንተ አዙሬ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ብዬ ቆሜያለሁ። ሃሌ ሉያ!

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ከእንጅባራ ዳንግላ ሚኒባስ የምነዳው አንዷለም ነኝ። የድሮ ሥራዬን እትየ ብርቄ ይመስክሩብኝ፣ ያው ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤቴ ናቸው። መኪናዬ ላይ ሲሳፈሩ «ጌታ ይባርክህ ልጄ» ብለው ሳይጨርሱ የቴፑን ድምፅ ከፍ አደርግባቸው ነበር። እግዚአብሔር ትዝ የሚለኝ ትራፊክ ሲያስቆመኝ ብቻ ነው። ደግሞም ደፋር ነኝ ባይ ነበርሁ። የቆሰበር ጉም መንገዱን ሲሸፍነው ሌላው ሾፌር ዳር ይዞ ይቆማል፤ እኔ በሰው ነፍስ እየቀለድሁ እነዳለሁ። ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ታዲያ ቀኝ ጎኔን ያመኝ ጀመር። ቅባት ያለው ነገር በበላሁ ቁጥር ከጎድኔ ሥር ተነሥቶ ትከሻዬ ድረስ ይወጋኛል። ጨጓራ ነው እያልሁ ቆየሁና አንድ ቀን መሪው ላይ ተደፋሁ። ባሕር ዳር ወሰዱኝ። ሐኪሙ አየኝና «የሐሞት ከረጢትህ በጠጠር ተሞልቷል፤ መውጣት አለበት» አለኝ። ተቀደድሁ። ስነቃ ጠጠሮቹን በትንሽ ብልቃጥ አድርገው አሳዩኝ። ሰባት ነበሩ።

ከሆስፒታል የወጣሁ ዕለት ሐኪሙ እንዲህ አለኝ፦ «ለጊዜው ቅቤም ጮማም ይቅርብህ። ትኩሳት ከመጣ ወይም ቁስሉ ቀልቶ ፈሳሽ ካወጣ ግን ሳትውል ሳታድር ና።» ባለቤቴ ትርንጎ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ስለነበር ይህን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ልብ በሉልኝ።

ቤቴ ገባሁ። ወገኖቼ፣ ፍርሃት ምን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ማሳል ፈራሁ፤ ሳል ሲመጣ ትራሱን ሆዴ ላይ አጣብቄ ትንፋሼን እይዛለሁ። መሳቅ ፈራሁ። ከአልጋ መውረድ ፈራሁ፤ ስፌቱ ተተርትሮ አንጀቴ እግሬ ላይ የሚወድቅ ይመስለኛል።

ጠያቂው ደግሞ ቤቱን ሞላው። የእኛ አገር ጥየቃ እንደምታውቁት ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ያስቀመጥናትን የጠጠሮቹን ብልቃጥ ያያሉ፣ ያገላብጧታል፣ «ይህ ሁሉ ከአንተ ሆድ?» ይላሉ። አንዱ ሾፌር ጓደኛዬ ሊያጽናናኝ መጥቶ «አይዞህ፣ የአክስቴ ባልም እንዲህ ተቀዶ ነበር» አለኝ። «አሁን እንዴት ነው?» ስለው «ነፍሱን ይማረው» አይለኝ መሰላችሁ! ሁሉም ሲገባ «እንዴት ነህ?» ይለኛል፣ እኔም «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ጠያቂ እኮ ደክሞ መጥቶ «አሞኛል» አይባልም። እንዲህ ነው ያደግነው።

በሦስተኛው ቀን እናቴ ከአዲስ ቅዳም ገጠር መጣች። ቅቤ በቅል ይዛ፣ ግማሹን መንገድ በእግሯ ሄዳ። «የተከፈተ ሆድ በቅቤ ነው የሚጠገን» አለችና እንደ አራስ ገንፎ አገነፋችልኝ፤ መሐሉን ጎድጉዳ ቅቤውን ሞላችው። ሐኪሙ ያለኝ ትዝ አለኝ። ግን እናቴ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ አፌን ታያለች። እንዴት ብዬ እምቢ ልበላት? በላሁ። «ተስማማህ ልጄ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ እማየ» አልኋት።

ሆዴ ተነፋ፣ ይቆርጠኝ ጀመር። በማግስቱ አተኮሰኝ። ብርድ ልብሱ ሥር እጄን ሰድጄ ቁስሉን ብነካው እርጥብ ነው። ጣቴን ሳወጣ መግል! ወገኖቼ፣ አልተናገርሁም። ለምን ብትሉ ብናገር ሐኪም ቤት ይመልሱኛል፣ እንደገና ይቀዱኛል፣ ከዚያም እንደ ጓደኛዬ አክስት ባል አልመለስም። ዝም ካልሁም እሞታለሁ። በሁለቱ መሐል ተኝቼ ለሚስቴም ለእናቴም ለጎረቤቱም «ደህና ነኝ» እላለሁ። ትርንጎ ግንባሬን ነክታ «ሞቋል እኮ» ብትለኝ «ብርድ ልብሱ ነው» አልኋት።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እትየ ብርቄ መጡ። እናቴ ደጅ ዕቃ ታጥባለች፣ ትርንጎ አጠገቤ አለች። «እንዴት ነህ?» አሉኝ፣ ያቺኑ መለስሁላቸው። እሳቸው ግን እንደሌላው ወሬ አልጀመሩም። አዩኝ፣ አዩኝና «ልጸልይልህ ልጄ?» አሉ። ቴፕ ያስጮህሁባቸው ሴትዮ! ከይሉኝታ ብዛት «እሺ» አልሁ። አጭር ጸሎት ጸለዩ። ከዚያ «አሁን አንተ ራስህ ንገረው» አሉኝ።

ጸልዬ አላውቅም። ምን ልበል? ዓይኔን ጨፍኜ «ጌታ ሆይ... ደህና ነኝ...» አልሁ።

እትየ ብርቄ እጄን ያዙና «አንዷለም፣ እሱንም ልትዋሸው ነው?» አሉኝ።

ስሙ ይክበር! እዚያው ላይ ተሰበርሁ። እንደ ሕፃን አለቀስሁ፤ ማልቀሱ ቁስሌን እየቀደደኝ አለቀስሁ። «ጌታ ሆይ፣ ፈርቻለሁ! መሞት ፈርቻለሁ! ይኸው!» ብዬ ሸሚዜን ገለጥሁት። ትርንጎ ጮኸች። እናቴ ሮጣ ገባች፣ ቁስሉን አየች፣ ቅሏን አየች። «ልጄን ገደልሁት» ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

እትየ ብርቄ ግን «ተነሡ፣ ጌታ ሐኪምም አለው» አሉ። በባጃጅ እስከ መናኸሪያ፣ ከዚያ በጓደኛዬ መኪና ባሕር ዳር። መኪናው በየጉድጓዱ ሲነጥር ሞቴን አየሁ። ሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ ስጠብቅ ጥርሴ እየተንገጫገጨ «ኢየሱስ ሆይ፣ ብድንም ባልድንም ካሁን ወዲህ የአንተ ነኝ፤ ብቻዬን አትተወኝ» አልሁት። ፍርሃቴ እልም አላለም፣ አልዋሻችሁም። ነገር ግን ብቻዬን መፍራቴ ቀረ። ሃሌ ሉያ!

ሐኪሙ አየኝ። «ቆዳው ሥር አመርቅዟል። ሌላ ሁለት ቀን ብትደብቀው ኖሮ ወደ ደምህ ይገባ ነበር» አለኝ። እንደገና ይቀደኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንሁ። ሁለት ስፌት ብቻ ፈታ፣ መግሉን አወጣ፣ አጠበው፣ መድኃኒት አዘዘልኝ። አንድ የሻይ ጊዜ እንኳን አልፈጀም። «እናቴ በቅቤ ገደልሁት ብላ ታለቅሳለች» ስለው «ቅቤው ሆድህን ነፍቶት ይሆናል እንጂ ቁስልህን አላመረቀዘውም። ያስቸገረህ ዝምታህ ነው» አለኝ። ጌታ ይባረክ!

ይህን ለእናቴ ስነግራት ዕንባዋን ጠረገች። ከዚያ «ስትቀደድ እኔም ፈርቼ ነበር» አለችኝ። «ቅቤውን ያመጣሁት ሌላ የማውቀው ነገር ስለሌለኝ ነው።» ለካ ሁለታችንም ስንፈራ ነው የከረምነው፤ እሷ እያጎረሰችኝ፣ እኔ «ደህና ነኝ» እያልኋት።

እናቴ ዛሬም የቤተ ክርስቲያኗን ደጅ ስማ ነው የምትመጣው፤ እኔ ደግሞ እዚህ ነኝ። እየተዋደድን ነው። መኪናዬንም እነዳለሁ፤ ጉም ሲመጣ ግን ዳር ይዤ እቆማለሁ፣ እትየ ብርቄም ሳይሳቀቁ ይዘምራሉ። ሳል ሲመጣ እጄ አሁንም ወደ ሆዴ ይሮጣል።

ወገኖቼ፣ አሁን ስንወጣ በር ላይ «ደህና ነህ? ደህና ነሽ?» መባባላችን አይቀርም። ተባባሉ፣ መልካም ነው። ግን ከብርድ ልብስ ሥር እጁን ቁስሉ ላይ አድርጎ «ደህና ነኝ» የሚል ሰው እዚህ ካለ እለምነዋለሁ፣ ለኢየሱስ ሸሚዝህን ግለጥለት። አይጸየፍህም። እኔን አልተጸየፈኝም።

እናቴ ትናንት ልታየኝ መጥታ እኔ ቤት ነው ያደረችው። ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስወጣ «እንዴት አደርህ?» አለችኝ። «ትንሽ ያመኛል እማየ» አልኋት። ሳቀች፣ እጇን ወደ ላይ ዘረጋችና «ተመስገን!» አለች።

እኔም ተመስገን እላለሁ። አሜን።