«እስቲ አፍህን ክፈት» ይሉ የነበሩት አክስቴ

በድንበሩ ጦርነት ጊዜ ለዘመቻ የተመዘገቡትን የሰፈራችንን ልጆች የሚመረምሩት ነርሷ አክስቴ ነበሩ። «አሥራ ስምንት ሞልቶኛል» ያለውን ሁሉ፣ «እስቲ አፍህን ክፈት» ይሉታል። «የመጨረሻው መንጋጋህ እንኳ አልወጣም! ሂድ፣ ደብተርህን ያዝ።» ወረቀቱ ላይ «ልጅ ነው» ብለው ይፈርማሉ።

እኔንም እንዲሁ መለሱኝ። በሳምንቱ ግን መልማዮቹ እሳቸውን አንስተው የታዘዘውን ሁሉ የሚፈርም ሐኪም ተኩ። እሱ የጌጃ ሰፈር ጓደኛዬን አፉን እንኳ ሳያስከፍት አሳለፈው፤ ልጁ በዚያው ቀረ።

ትናንት ልደታ፣ የአክስቴ ቀብር ላይ የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ያው ሐኪም ነው። «ትእዛዝ አክባሪ ነበሩ» አለ፣ አያፍርም! ትእዛዝ አክባሪስ አንተ ነህ! አክስቴማ እንቢ ባይ ነበሩ፤ ለዚህ ነው ቀባሪ ያላጡት። ከጎኔ የቆሙትን የጓደኛዬን እናትስ ማን ይቅበራቸው?