በግራ ጫፍ ቁም

ግራኝ በመሆኔ ያልተቆጣኝ ሰው የለም፤ እንደ አብደራፊው ካቦ ያንገበገበኝ ግን አላየሁም። ልጅ ሆኜ በግራዬ ስጎርስ እናቴ እጄን መታ ታደርገኝ ነበር። እሷስ ይሁን፣ ሰው ፊት እንዳላፍር ብላ ነው። ያ ሰውዬ ግን ምኔ ነው?

ካቦ የምንለው የቀን ሠራተኛውን አሰልፎ የሚያሠራውን ሰው ነው። ከደጋ ወደ አብደራፊ ቆላ ወርጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሊጥ አጨዳ የገባሁት በእሱ ሥር ነበር። ጎን ለጎን ተሰልፈን እናጭዳለን። ሁሉም አገዳውን በግራው ጨብጦ ማጭዱን በቀኙ ይስባል። እኔ በተቃራኒው ያዝኩ። ብዙም ሳልራመድ ካቦው ከኋላዬ ደረሰ።

«አንት! ምን እየሠራህ ነው? ሰው ልትቆርጥ ነው እንዴ?»

«ግራኝ ነኝ ካቦ።»

«እዚህ ግራኝ የሚባል አላውቅም። እንደ ሰው እጨድ!»

እንደ ሰው! እስከዚያች ሰዓት ድረስ ምን ሆኜ እንደኖርኩ እግዜር ይወቀው። ለነገሩ የፈራው ነገር እውነትነት ነበረው፤ ከግራዬ የቆመው የጎጃሜው ልጅ ማጭድ ከእኔው ማጭድ ጋር ሊጋጭ ምንም አልቀረውም ነበር። ለልጁ ብዬ ማጭዱን ወደ ቀኝ አዛወርኩ።

የደረሰ ሰሊጥ ደግሞ ነካ ሲያደርጉት አፉን ይከፍታል። በአንድ ስበት ቆርጠው ቀስ ብለው ካላቆሙት ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል። እኔ በቀኜ አንዷን አገዳ ለመቁረጥ ደጋግሜ እጎትታለሁ፣ በጎተትኩ ቁጥር ፍሬው እግሬ ሥር ይዘንባል። ካቦው ይህንንም አየ።

«ታረግፋለህ! የሰው ሀብት ታረግፋለህ!»

በቀኝህ ያለኝ እሱ፣ በቀኜ ስላጨድኩ የሚሰድበኝም እሱ። ብሽቀቴ ምሳ አያስበላኝም ነበር። የእጄ አንጓ አበጠ። በመጨረሻ ከአጨዳው አውጥቶ ነዶ ተሸካሚ አደረገኝ፤ ሌላው ያጨደውን እየተሸከምኩ ሂላ ወደሚቆምበት፣ ነዶው ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ተደጋግፎ ወደሚደርቅበት ቦታ ስመላለስ ሰሊጡ አለቀ። ካቦው ለማሽላ ቆረጣ ከሚቀሩት መካከል ሲጽፈኝ በአንድ ቃል አስጠነቀቀኝ፤ በቀኜ መቁረጥ ካልቻልኩ ያሰናብተኛል።

የገና ዕለት ሰሊጥ በተነሣበት ማሳ ላይ ቆልማማ ዱላችንን ይዘን ወጣን። ሁለት ቡድን ሆነን ሩሯን፣ ያቺን የእንጨት ኳስ፣ እየለጋን ልንጫወት ነው። የቡድናችን አለቃ ማን ሆነ? ካቦው! ሩሯ ፊቴ ስትደርስ ዱላዬን በግራዬ ያዝኩ፤ ገና አላነሣሁትም።

«በቀኝህ!» አለኝ።

እንዲያው ለጨዋታው እንኳ! ጓደኞቼ ቀኑን አበላሸህ እንዳይሉኝ እሺ አልኩ። በቀኜ ሰነዘርኩና ሩሯን ስቼ የራሴን ቅልጥም መታሁት። ማሳው በሳቅ ተናጋ። ሕመሙ አይደለም ያናደደኝ፤ የእሱ ሳቅ ነው። መዳፌ ላይ እንትፍ ብዬ ዱላውን ወደ ግራዬ ገለበጥኩ። ያን ጊዜ ማንም ሳይነግረኝ እግሬ ቦታውን ያዘ፣ ወገቤ ዞረ። ሌሎቹ ዱላቸውን ከትከሻ በላይ አንሥተው ነው የሚለጉት። የእኔ ከጉልበት በታች የሚነሣ፣ አገሬ ጤፍ ሳጭድ የማውቀው አጭር ስበት ነው። ለጋኋት። ሩሯ ተከላካዮቹን ሁሉ አልፋ ከትራክተሩ ወዲያ ወደቀች።

በገና ሜዳ ሎሌ ጌታውን ቢሰድብ ቂም አይያዝበትም። እኔም አፌን ከፈትኩ፦

ግራን የፈጠረ እግዜር ካልጠየቀ፣
የኛ ካቦ ብቻ ለምን ተጨነቀ።

ሰው ሁሉ ተቀበለኝ። ካቦውም እየሳቀ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና «አንተ ወንድ ነህ!» አለ። አመንኩት። ሞኝ አይደለሁ!

በማግሥቱ ማሽላው ማሳ ላይ ማጭዴን በግራዬ ይዤ መስመር ገባሁ። ፊቴ መጥቶ ቆመ።

«ትናንት ጨዋታ ነበር። ዛሬ በቀኝህ።»

«ትናንት ያየኸው እጅ እኮ ነው ካቦ።»

«እንግዲያው ሂድ።»

ሄድኩ። ብርድ ልብሴን ጠቅልዬ ወደ አብርሃ ጅራ ከተማ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተንጠለጠልኩ፤ መንገዱን ሙሉ ብቻዬን ስሳደብ ነበር። እዚያም ማሽላ ይቆረጣል ተብሎ ወደ አንድ እርሻ ገባሁ። የእርሻው ካቦ ሰዉን ሲያሰልፍ ማጭዱን በግራዬ አየው። ስድቡን ለመቀበል ጥርሴን ነከስኩ።

«ግራኝ ነህ? በግራ ጫፍ ቁም» አለኝና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ።

ጫፍ ላይ ቆምኩ። ከግራዬ ሰው የለም፤ ማጭዴ የሚጋጨው ነገር የለም። እስከ ምሳ ድረስ ከማንም ሳላንስ ቆረጥኩ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ንዴቴ እንደ አዲስ አገረሸብኝ። ለካ ነገሩ ይቺው ኖራለች! ያ ሰውዬ እጄ እስኪያብጥ ሲሰድበኝ ከረመ እንጂ አንድ ቀን እንኳ የምቆምበትን ቦታ ሊቀይርልኝ አላሰበም።