ቁጥር አሥራ ሰባት

በሁለተኛው ዓመት መርፌውን የወጋሁት ማንን ነበር? ዛሬም አላውቅም። ካርዱ በእጅ ጽሑፌ ተሞልቶ ተቀምጧል፤ መልሱ ግን እሱም ላይ የለም።

ትምህርት የጀመርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን በሚያስመዘግቡበት ዕድሜ ነው። ሰቆጣ ጤና ጣቢያ በረዳትነት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ሰውነት በሽታን እንዴት እንደሚከላከል የሚያጠኑት ዶክተር ፋንታሁን ከአዲስ አበባ መጥተው ነበር። ገና ሲያዩኝ፣ "አዲሷ ተቀጣሪ ልጅሽ ናት? ጥሪያት" አሉኝ።

"እኔው ነኝ" አልኳቸው።

አፍረው ግልጽ የፕላስቲክ ማስመሪያ ሰጡኝ፤ ሥራዬ በእሱ ተጀመረ።

ምርመራው የሳንባ ነቀርሳ ነበር። ግራ ክንድ ላይ፣ ቆዳ ውስጥ፣ ትንሽ መድኃኒት ይወጋል። በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ይለካል። ቅላቱ አይቆጠርም። ጠጣሩን በጣት ዳስሼ፣ ዳርና ዳሩን በእስክሪብቶ አስምሬ፣ በሚሊ ሜትር እመዘግባለሁ። በሽታውን የሚያውቅ ሰውነት ያብጣል፤ የማያውቅ ዝም ይላል። ለመለካት ተመልሶ የመጣ አንድ ሳሙና ይሰጠዋል።

ቁጥር አሥራ ሰባት የሻረግ የምትባል፣ ከሰቆጣ ጎረቤት ከዝቋላ ወረዳ የምትመጣ ሴት ነበረች። በመጀመሪያው ዓመት አሥራ ስድስት ሚሊ ሜትር አበጠ። በሁለተኛው ዓመት ምንም። ሦስት ጊዜ ዳሰስኩ። ዶክተሩ ራሳቸው ዳሰሱና ፊታቸው በራ።

"ሰውነቷ ረሳ" አሉ። "ብርቄ፣ በአንድ ዓመት የረሳ ሰውነት ማን አይቶ ያውቃል?"

ይህንኑ የጻፉበት ጽሑፍ ውጭ አገር መጽሔት ላይ ወጣ። ከዚያ በፊት የጻፏቸውን ከራሳቸው በቀር የጠቀሰ አልነበረም። ይህንን ግን ሁሉም ጠቀሰው። በጤና ጣቢያው ስልክ እየደወሉ "ደግሞ ጠቀሱን!" ይሉኝ ነበር። "ጠቀሱን" ማለታቸው ደስ ይለኛል፤ ስሜ ግን ጽሑፉ ላይ አልነበረም። ለፕሮፌሰርነት ሲያመለክቱም ከሥራዎቻቸው ዝርዝር አናት ላይ ያስቀመጡት እሱን ነው።

ጽሑፉ ገና እንደወጣ ቅጂውን ልከውልኝ ነበር። መዝገበ ቃላት ይዤ እያነበብኩ ሳለሁ የሻረግ ዓይኗን ልትታከም መጣች፤ እህቷ ዘነቡ ተከትላታለች። ካርድ አውጥቼ "የሻረግ" ብዬ ተጣራሁ።

ሁለቱም "አቤት" አሉ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። አንድ ፊት ናቸው። እኔ ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ክንድ እንጂ ፊት አላይም ነበር።

"የሻረግ የትኛችሁ ናት?"

"እሷ ናት" አለች ዘነቡ። "ለስብሰባም ለእርዳታም ስሟ ሲጠራ ግን ከቤት የተገኘ አቤት ይላል፣ እታለም። ቀረች እንዳይባል።"

"ክንድ ስለካስ?"

"አምና እሷ ገበያ ወረደች። ሳሙናው ይቅር?"

"መርፌውን የተወጋችውስ?"

"እሷ" አለች ዘነቡ።

"እሷ" አለች የሻረግ፣ ወደ ዘነቡ እየጠቆመች።

ብናገር የዶክተሩ ማዕረግ ይቀራል። እኔም ግማሽ ሚሊ ሜትር አታሳልፍም የተባልኩት ሴት፣ አንዲት ሙሉ ሰው አሳለፈች ልባል ነው። ዝም አልኩ። ካርድ ላይ ነጥብ የረሱ ነርሶችን እየተቆጣሁ ዓመታት ዝም አልኩ።

ዶክተሩ ፕሮፌሰር ሆነው ሰቆጣ ተመለሱ። "ቁጥር አሥራ ሰባትን አሳዪኝ" አሉ። "ማዕረጌ የእሷ ነው፤ ላመስግናት።"

ወደ ዝቋላ ላክሁባቸው። ሁለቱም እህትማማቾች መጡ፤ አንድ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳቸው።

"የትኛዋ ናት?"

"ፕሮፌሰር፣ እኔም የቸገረኝ እሱ ነው" አልኩና ነገርኳቸው፤ ገበያውን፣ ሳሙናውን፣ ሁለቱን አቤት።

"መቼ አወቅሽ?"

"ጽሑፉን የላኩልኝ ሰሞን።"

"ስንት ሰው እንደጠቀሰው ታውቂያለሽ?"

"እርስዎ አይደሉ ሲነግሩኝ የኖሩት?"

ሴቶቹን ተራ በተራ አዩ። ከዚያ ብዕራቸውን አወጡ። "እርማት እንልካለን። የአንቺም ስም ይገባል።"

"እርማት ከሥራ ዝርዝር ይቆጠራል?"

"ይቆጠራል" አሉ፤ "የሚጠቅሰው ግን አይገኝም።"

ዘነቡ ወደ እኔ ጠጋ አለች። "እታለም፣ ሳሙናው ዛሬም አለ?"

እናንተ በዚህ ሥራ ያላችሁ፣ በወጋችሁ ቀን ክንዱ ላይ ያለውን የቆየ ጠባሳ ካርዱ ላይ ጻፉ። ስም ብቻ አይበቃም።