ወደኋላ የተቆጠረ ልደት

በጎሚስታ ደጃፍ ሳልፍ፣ ፀሐይ የመታው የከመነዳሪ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ሲደርስ፣ ዛሬም መዳፌን ያቃጥለኛል። ደባርቅ፣ አክስቴ ይታይሽ ግቢ ውስጥ፣ ይህንኑ የጎማ ላስቲክ ስስብ ቆዳዬ ተልጦ ነበር። ሌላው ሰው ልጅነቱን ሲያወራ ፈገግ ይላል፤ እኔ ስለዚያ ግቢ እስካሁን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመት፣ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከአምባራስ ለትምህርት ወደ ደባርቅ ተላክሁ። አሥር ዓመት አልፎኝ ነበር። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ብቻ ሳትሆን ክርስትና ያነሳችኝ የክርስትና እናቴም ነበረች። ወደ ተራራው ለሚወጡ እንግዶች አልጋ ታከራይ ነበር፤ እኔም ጠዋት ጠዋት አንሶላ አጥቤ፣ ክፍሎቹን ጠርጌ፣ ከሰዓት ትምህርት ቤት እሄድ ነበር። ልጇ ሜሮን የምታንሰኝ በአንድ ዓመት ነበር፤ አንሶላ ግን አታጥብም ነበር።

መስከረም ላይ አንድ እንግዳ ትቶት በሄደው መጽሔት ውስጥ፣ ልጆች በልደት ቀን በተወጠረ ሸራ ላይ ሽቅብ ሲዘሉ አየን። ሜሮን ለልደቷ ይህ ካልተደረገላት ብላ ምግብ እምቢ አለች። አባቴ የእንግዶችን ጓዝ በበቅሎ ተራራው ላይ ወዳለው የጨነቅ ሰፈር ያመላልስ ስለነበር ጭነት ማሰር ከሱ ተምሬያለሁና፣ የሚሠራበትን መንገድ ያገኘሁት እኔ ነበርኩ።

«እትዬ፣ የተሰበረው የብረት አልጋ አለ» አልኳት። «ሽቦውን አውጥተን ሸራ በከመነዳሪ ብንወጥርበት ያዘልላል።»

«የኔ ልጅ እኮ ናት!» አለች ደስ ብሏት። «ያንቺስ ልደት መቼ ነው? ከቀረበ ለሁለታችሁም አንድ ላይ እናደርገዋለን።»

እስከዚያች ቀን ልደት እንዳለኝ አስቤ አላውቅም ነበር። ቀኑን አላውቀውም ስላት፣ «እኔ አውቀው የለ! ክርስትና ያነሳሁሽ ለአስተርዮ ማርያም ነው» ብላ፣ ከጥር ሃያ አንድ ተነስታ በጣቶቿ አርባ ቀን ወደኋላ ቆጠረች። «ታኅሣሥ አሥራ አንድ። ውይ፣ ጾም ውስጥ ገባብሽ! በነቢያት ጾም ኬክ ልትቆርጪ ነው? በይ እንግዲህ የሜሮንን አሳምሪላት።»

አመንኳት። ጥቅምትን በሙሉ፣ ገብሱ በየማሳው ቢጫ ሲሆን፣ እኔ ከትምህርት ቤት ተመልሼ ከመነዳሪውን በቀጭኑ እየቆረጥኩ፣ ሸራውን ዙሪያውን እየበሳሁ፣ እንደ በቅሎ ጭነት እያጠላለፍኩ ስወጥር እውል ነበር። በበቅሎ ጭነት አስተሳሰር አንዱን ቋጠሮ ሲስቡት ሁሉም ይላላል። ሥራው ሲያልቅ ለሙከራ አንድ ጊዜ ልዝለል ብዬ አክስቴን ለመንኳት።

«አንቺ ከባድ ነሽ፣ ትበጥሺዋለሽ» አለችኝ። «እንግዶቹ ከጠገቡ በኋላ ትዘያለሽ።»

ልደቱ ለቁስቋም፣ ኅዳር ስድስት ቀን ተደረገ። የሠራተኛውና የነጋዴው ልጆች አዳዲስ ልብስ ለብሰው መጡ፤ እኔ ጫማቸውን እያስወለቅሁ በተራ አሰልፋቸው ነበር። ዞረው ዞረው ሦስተኛ ጊዜ ሲደርሳቸው፣ የኔ ተራ ገና ነበር። እናቴ በዚያው ቀን ልትጠይቀኝ ከአምባራስ ማር ይዛ ደረሰች፤ ጥግ ላይ ቆሜ ስታየኝ፣ «አንቺስ?» አለች።

አክስቴ ቀድማ መለሰች። «የሷ ታኅሣሥ አሥራ አንድ ነው፤ ጾም ሆነባት፣ ምን ይደረግ?»

እናቴ ማሩን መሬት ላይ አስቀመጠች። «እትዬ፣ ሴት ልጅ በአርባ ቀን ክርስትና ስትነሳ የት አይተዋል? ወንድ መሰለችዎት? ሰማንያ ቀኗን ጠብቀው ያነሷት እርስዎ አይደሉም? የወለድኳት ለኅዳር ልደታ ነው። ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ!»

ልጆቻቸውን ይዘው የመጡት ሴቶች ሳቁ። «ይታይሽ፣ ሂሳብ ጠፋብሽ እኮ!» አለች አንዷ። አክስቴ አልሳቀችም፤ እኔን አየችኝ፣ ቶሎም ዓይኗን መለሰች። አርባ ቀን መቁጠሯ ስህተት እንዳልነበረ የዚያን ጊዜ ገባኝ።

«ሜሮን፣ ውረጂ» አልኳት። ወረደች። ሁለት እግሯ መሬት መርገጡን አየሁና የጥጉን ቋጠሮ ሳብኩት፤ ሸራው እየተላላ አልጋው መሃል ገባ። «ልጄን ልትሰብርብኝ!» ብላ አክስቴ ጮኸች፤ ከዚያ ወዲህም ለዘመድ ሁሉ ሜሮን ላዩ ላይ ሳለች ፈታሁት እያለች ስትናገር ኖራለች። ሜሮን መሬት ላይ ነበረች።

እናቴ ወዲያው ጎንበስ ብላ ስለኔ ይቅርታ ጠየቀች። ትምህርቴ በዚያች ሴት ቤት ላይ እንደቆመ ታውቅ ነበር። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እሰሪው» አለችኝ። ልጆቹ ሁሉ እያዩኝ፣ ከጥግ ጥግ እየዞርኩ እንደገና አሰርኩት። ስጨርስ አክስቴ፣ ሰው ስለሚያያት፣ «በይ፣ አሁን አንቺ ዝለይ» አለች።

«አልፈልግም» አልኳት፤ ከምንም በላይ እየፈለግሁ።

ከዚያ በኋላ አራት ክረምት እዚያው ቤት ኖርኩ፤ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

ያኔ የልጅ ቀን የሚገኘው በትልልቆቹ አፍ ብቻ ነበር፤ ሲፈልጉ ይሰጡታል፣ ሲፈልጉ ይነሱታል። የኔ ልጆች የተወለዱበት ቀን ከነሰዓቱ ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ማኅተም አርፎበት ተሰጥቶኛል። ልጆቼ ወረቀቶቹን ለምን እንደምቆልፍባቸው ይጠይቁኛል። ቁልፉን እኔው እይዛለሁ፤ ምክንያቱን አልነገርኳቸውም።