ሂተር ላይ የተከፈተው የጥድ ፍሬ

ቻምበርስ ሮድ፣ ጎህ ሲቀድ

ጎረቤቴ ከማል ታክሲውን በራችን ላይ ፓርክ አድርጎ ክላክስ ያደርጋል። ዛሬ ዕረፍቱ ነው። አማቴ እማማ ዘነበች ዳቦና ሙዝ ታቅፈው ኋላ ወንበር ላይ ተሰየሙ።

ከአዲስ አበባ ባሕር ተሻግረው እኛ ጋ ከመጡ ጀምሮ ጭቅጭቅ ላይ ነን። እኔና ባለቤቴ ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል አዲስ ሰፈር ቤት ልንገዛ ነው። እሳቸው ሰፈሩን አይተው፣ "አንድ ዛፍ የሌለበት ሜዳ! አልመርቅም" አሉ። ባለቤቴ ደግሞ ያለ እናቷ ምርቃት አትፈርምም። ተራራ ሲያዩ ልባቸው ይራራ ይሆናል ብዬ ነው የተነሳነው።

ተራራው፣ ረፋድ ላይ

መንገዱ በተጠማዘዘ ቁጥር እማማ አንድ ታቦት ይጠራሉ። ስንደርስ ለካ ጫካው ከዓመታት በፊት ተቃጥሎ ኖሯል! ጥቁር ግንድ ብቻ ተገትሯል።

"ዛፍ ላሳይዎት ብለህ ከሰል ታሳየኛለህ?"

ጎንበስ ስንል ግን ከግንዶቹ ሥር ጉልበት የማይደርስ ችግኝ እንደ ጤፍ ጥቅጥቅ ብሏል።

"ማን ተከለው?" አሉ።

"ማንም አልተከለውም" አለች ጥያቄያቸውን ስተረጉምላት እዚያ ያገኘናት የጫካ ጠባቂ፣ ባርኔጣ የደፋች ወጣት። በሙጫ የታሸገ የጥድ ፍሬ አሳየችን። ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና የእሳት ሙቀት ሲነካው ሙጫው ቀልጦ ዘሩን ይበትናል። አስፐን የሚባለው ዛፍም ግንዱ ቢነድ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ተረጎምኩላቸው።

"ቀጣፊ ናት! እሳት ዘር ይበላል እንጂ ያበቅላል እንዴ?"

ከማል ሊያረጋግጥ ላይተር አወጣ። ጠባቂዋ ጮኸችበት፤ በዚህ ድርቅ እሳት መጫር ክልክል ነው። አንድ ፍሬ ሰጥታ ሸኘችን።

"ይሄ ከተከፈተ ቤታችሁን እመርቃለሁ" አሉ እማማ እየሳቁ።

የመልስ መንገድ፣ ከሰዓት በኋላ

"ሂተር አለኝ አይደል?" አለ ከማል።

ሐምሌ ነው፤ አስፋልቱ ራሱ ይፋጃል። መስኮቱን ዘግተን ሂተሩን እስከ ጥግ ከፈትነው። ፍሬውን አየር ማውጫው ላይ ደቅኜ ያዝኩ። እማማ መጀመሪያ ነጠላቸውን፣ ቀጥሎ ሹራባቸውን፣ ቀጥሎ ጫማቸውን አወለቁ። ሙዙ ጠቆረ።

"እማማ፣ ይሸነፉና መስኮት ልክፈት" ሲል ለመነ ከማል።

"አዋሽ ያደግሁ ሰው ነኝ! ይሄንንም ሙቀት ትለዋለህ?"

መብራት ይዞን ስንቆም፣ ጎናችን መኪና ውስጥ ያሉት ሰዎች አፋቸውን ከፍተው አዩን።

ቀጭ! አለ።

"ጎማ ፈነዳ!" ብሎ ከማል መሪውን ጨበጠ። ፍሬው ነበር። ክንፍ ያላቸው ጥቃቅን ዘሮች የሂተሩ ነፋስ አንስቷቸው ታክሲውን ሞሉት፤ ፀጉሬ ውስጥ፣ የከማል ጺም ላይ፣ የእማማ አፍ ውስጥ። እማማ አንዱን መዳፋቸው ላይ ተፍተው ብዙ አዩት።

"ወይ ጉድ! ልጅቱን በከንቱ ሰደብኳት" አሉ ቀስ ብለው። "ከማል፣ ወደሚገዙት ቤት ንዳ።"

ግሪን ቫሊ ራንች፣ ሲመሽ

እማማ ባዶ እግራቸውን ደረቁ አፈር ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ፦ "ግቡበት፣ ውለዱበት፣ ጥላ ይውጣላችሁ!"

"አሜን!" "አሚን!" አልን እኔና ከማል፣ ሸሚዛችን ጀርባችን ላይ ተጣብቆ።

ወዲያው ለባለቤቴ ደወልኩ።

"መረቁ!"

"እማዬ? ምን አድርጋችኋት ነው?"

"ቀቀልናቸው" አልኳት።