የጎን ብርሃን

በዓይን ብቻ ነው የማውቃት፤ መፈተሻ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ አጠገብ ትሠራለች። የተባረረችበትን መሥሪያ ቤት መታወቂያ ዛሬም ከነጭ ጋውኗ ሥር ታንጠለጥላለች። ሥራዋ ጠፈር ላይ ሆኖ የከዋክብትን ኤክስሬይ በሚያነሳ ቴሌስኮፕ ውስጥ ከጎን ሾልኮ የሚገባ ብርሃን መኖሩን ማጣራት ነው። የድሮ አለቃዋ የሠራው ቴሌስኮፕ በዚያ ብርሃን ሲታወር ጥፋቱን በእሷ አሳብቦ ነው ያባረራት ይባላል። ዛሬ ሰውየው አዲሱን ይዞ መጣ፤ ሊመጥቅ የቀረው ጥቂት ነው።

«እህቴ፣ ያለፈው አለፈ። የጎን ብርሃን የሚያግዱትን መከለያዎች በእጄ ነው የገጠምኳቸው። እንዴት ሆነልኝ?» አላት።

ፈትሻ ስትጨርስ ሳትቸኩል ጓንቷን አወለቀች።

«ብርሃን ያስገባል፣ ጋሼ። ተፈትቶ እንደ አዲስ ይሠራ» አለችው፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነበር።

ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እኔ ከኋላዋ ቆሜ የፍተሻውን ውጤት የሚያሳየውን ስክሪን አይ ነበር፤ አንዲት የብርሃን ነጥብ እንኳ አልነበረበትም።